አንቺ የመሰለሽን

እንጅባራ ላይ ጁስ ቤት መክፈት የጤና አይደለም ያላላት ሰው አልነበረም። እውነት ለመናገር፣ ጠዋት ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ሰውም ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ሲያልፍ ላየ፣ ቀዝቃዛ ማንጎ ማን ይጠጣል ያሰኛል። የምሥራች ግን ከዳንግላ መጥታ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ማንጎና አቮካዶውን ከጫግኒ በሚመጣው አውቶቡስ እያስጫነች ሥራዋን ጀመረች። የሳቁባት ሰዎች ዛሬ ደንበኞቿ ናቸው።

ባምላክ ግን አልሳቀባትም። መጀመሪያ የገባው ለጁስ ሳይሆን ዝናብ ሊያሳልፍ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ቦት ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ፤ ምን ልስጥዎት?» አለችው።

ግድግዳው ላይ የተዘረዘረውን አላየም። እሷን ነው ያየው።

«አንቺ የመሰለሽን።»

የምሥራች የሽርጧን ማሰሪያ አጥብቃ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችው። የበረደው ሰው ነው፤ ምሳውንም የበላ አይመስልም። አቮካዶ በሎሚ አድርጋ ሰጠችው። ጥርግ አድርጎ ጠጣና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱም መጣ። ከዚያም ከገጠር በተመለሰ ቁጥር፣ ልትዘጋ ስትል፣ የመጨረሻው ደንበኛ እሱ ሆነ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ፤ እሷም «ዶክተር» እያለች ትቀልድበት ጀመር። አንዳንዴ ስልኩ ይጮህና ፈረሱ ከታመመበት ገበሬ ጋር በአዊኛ ያወራል። የምሥራች አዊኛ አትሰማም፤ ድምፁን ብቻ ታዳምጣለች። ስለ ፈረስ እንዲህ በርኅራኄ የሚናገር ሰው ለሰው ደግሞ እንዴት ሊናገር ይሆን እያለች ታስባለች። ለእሷ የሚላት ግን ያው ነው። ምን ልስጥህ? አንቺ የመሰለሽን። ዓመት አለፈ።

በሚያዝያ፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ አባቷ አቶ አዝመራው ከዳንግላ ደወሉላት።

«ምንይችልን ታውቂዋለሽ፣ የእህል ነጋዴውን። እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ልጁ እንከን አይወጣለትም» አሉ። ቀጥለውም «ልብሽ ያረፈበት ሰው ካለ ግን ንገሪኝ። ሰዎቹን በክብር እሸኛለሁ። ከሌለም እሺ ልበላቸው። እስከ እሁድ አስቢበት» አሏት።

ስልኩን ዘግታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ያጠበችውን ሳህን ደግማ ስታጥብ ያየቻት ጓደኛዋ ዮርዳኖስ ናት። ዮርዳኖስ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ጁስ ቤቱ ጎራ ሳትል አትገባም።

«ለምን ራስሽ አትጠይቂውም?» አለቻት ነገሩን ስትሰማ።

«ምን ብዬ? ከማንጎና ከአቮካዶ መምረጥ ዓመት ሙሉ ያቃተውን ሰው፣ ሚስት ምረጥ ልበለው?»

«ታዲያ ለምንይችል እሺ ልትዪ ነው?»

«ለማን ብዬ እምቢ እላለሁ? ምንም ያላለኝን ሰው አባቴ ፊት ስሙን ልጥራ?»

ዮርዳኖስ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። አንድ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሙሉ መጠጥ ተደርድሮ፣ የተጋበዘው ሰው ሁሉ የራሱን ኮክቴል እየቀላቀለ ሲስቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። የምሥራች አዲስ ቤት ከተከራየች ገና መንፈቅ አልሞላትም፤ ወዳጅ ለመጥራት ሰበብ አላት። «ቅዳሜ ጥሪው» አለች ዮርዳኖስ። «አንቺ አትቅጂለት፣ ማንም አይቅዳለት። ቆሞ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያኔ ታያለሽ።»

የምሥራችን ሐሳቡ ማረካት። ስትቀዳ የምትውል ሴት፣ አንድ ቀን እጇን አጣምራ ሌላው ሲቀላቅል ማየት ብትመኝ አይፈረድባትም። በልቧም ቆረጠች። ቅዳሜ ባምላክ አንድ ነገር ካለ አለ፤ ካላለ ግን እሁድ ጠዋት ለአባቷ እሺ ትላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ሞላ። አባቷ በላኩት የዳንግላ ማር የተበረዘ ብርዝ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ የማንጎ ጭማቂ፣ አምቦ ውሃ፣ የተቆረጠ ሎሚ፣ የተፈጨ ዝንጅብል። ከኋላው ግድግዳ ላይ ዮርዳኖስ በትልልቅ ፊደል «የራስዎን ይቀላቅሉ» ብላ ለጥፋለች።

እንግዶቹ መጡ። የቤቱ አከራይ ወይዘሮ ደጊቱ፣ ከመናኸሪያ ፍራፍሬ የሚያመላልስላት የባጃጅ ሹፌሩ ክንዴ፣ ከዮርዳኖስ ጋር የሚሠሩ ሁለት ልጆች፣ በመጨረሻም ባምላክ። ጫማውን አስወልውሎ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ዛሬ እኔ አልቀዳም» አለች የምሥራች እየሳቀች። «መጠጡ ያው፤ ሁሉም ተነስቶ የወደደውን ይቀላቅል።»

ማንም አልተነሳም።

እነዚህ ሁለት ሴቶች የረሱት ይህን ነበር። ቪዲዮው የተቀረጸበትን አገር አናውቅም፤ በዚህ አገር ግን እንግዳ በሰው ቤት ብድግ ብሎ ጠርሙስ አያነሳም። የቤቱ ሰው ይቀዳል፣ መጀመሪያ ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ይሰጣል። እንግዳው ደግሞ ተለምኖ፣ በሞቴ ተብሎ ይጠጣል። ራሱ የሚቀዳ ወይ የቤቱ ሰው ነው፣ ወይ ዓይን አውጣ ነው።

«ተነሱ እንጂ» አለች የምሥራች።

«አረ ግድ የለም፣ እንደርስበታለን» አለ አንደኛው የባንክ ልጅ።

«አሁን ውሃ ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለ ሌላው።

ክንዴ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ «እኔ በእጄ ቀድቼ የማውቀው ለባጃጄ ቤንዚን ብቻ ነው» አለ። ትንሽ ተሳቀ፤ ከወንበሩ የተነሳ ግን የለም።

ወይዘሮ ደጊቱ ጠጋ ብለው፣ እንዳይሰማ አስበው፣ ሁሉም እስኪሰማ ድረስ «ልጄ፣ ሰው ጠርቶ አልቀዳም ይባላል?» አሏት።

የምሥራች ፊቷ ቀላ። ጠርሙሱን አንስታ መቅዳት ምንም አልነበረም፤ ሥራዋ ነው። ከቀዳች ግን ባምላክ እንደ ዓመቱ ሁሉ «አንቺ የመሰለሽን» ይላል፤ ነገ እሁድ ነው። እንዳትቀዳ ደግሞ እንግዶቿ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች፤ እንባዋ መጣባት፤ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማች። ባምላክ ተነስቷል።

ወደ ጓሮ ወጥቶ እጁን ታጠበ። እንስሳ የሚያክም ሰው አስተጣጠቡ ረጅም ነው፤ የውሃው ድምፅ እስኪቆም ሁሉም ጠበቀ። ተመልሶ መጣና ጠረጴዛው ፊት ቆመ። ጠጁን አለፈው። አረቄውን አለፈው። ከማንጎው ላይ ትንሽ እንደማሰብ አለና እሱንም ተወው። ብርዙን አነሳ። ግማሽ ብርጭቆ ቀድቶ ሎሚ ጨመቀበት፤ ዝንጅብሉን በማንኪያ ጫፍ ጣል አድርጎ ቀስ ብሎ አማሰለው። አማሳሰሉ የመድኃኒት ነበር። የምሥራች ታየዋለች። ስለዚህ ይህን ነው የሚወደው፣ አለች በልቧ።

ከዚያ ጥቂት በመዳፉ አፈሰሰና ቀመሰ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለእሷ ዘረጋላት።

«እንቺ።»

«ለራስህ እኮ ነው» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ወረቀቱን አላየኸውም?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዳ ለቤቱ ባለቤት አይቀዳም፣ ዶክተር።»

«እንግዳ ሆኜ አልመጣሁም።»

ይህን ያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ግን ቤቱ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ወይዘሮ ደጊቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዮርዳኖስ ክንዴን በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ ክንዴ ቀድሞውንም ገብቶት ነበር።

የምሥራች ተቀብላ ቀመሰች። ማታ ሱቋን ልትዘጋ ስትል፣ ቀኑን ሙሉ ለሌላው ቀድታ ሲደክማት፣ ለራሷ የምትቀላቅለው ይህንኑ ነው። ለማንም ሸጣው አታውቅም።

«ከየት አወቅህ?»

«የመጨረሻው ደንበኛ እኔ አይደለሁ?» አለ ባምላክ። «ሎሚው አልበዛም?»

«አልበዛም» አለች። መብዛቱን ግን ለመናገር ጊዜው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቤቱን የያዙት ወይዘሮ ደጊቱ ናቸው። «በሉ» አሉ ተነስተው፣ «ለራሱ የሚቀዳ የለም፤ ሁሉም ለአጠገቡ ላለው ይቅዳ። ቀማሹም ቀጂው ነው።» ያን ጊዜ ጠረጴዛው ተወረረ። ክንዴ ማንጎ ላይ አረቄ ጨምሮ፣ በመዳፉ ቀምሶ ዓይኑን እያሸ፣ ለወይዘሮ ደጊቱ አቀረበላቸው። እምቢ አሉ፤ በሞቴ አላቸው፤ ተጎነጩ፤ «ይሄ ለባጃጅህ ይሆናል» አሉት። የባንኮቹ ልጆች ጠጅና አምቦ ውሃ ቀላቅለው እርስ በርስ ሲለማመኑ ጎረቤት ድረስ ይሰማል።

የምሥራችና ባምላክ ወደ በረንዳው ወጡ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ነበር፤ ብርዱ መጣሁ መጣሁ ይላል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ዓመት ሙሉ መምረጥ ያቃተህ ለምንድን ነው?»

ሳቀ። ሲስቅ ያየችው ጥቂት ጊዜ ነው።

«ማን አቃተው አለሽ? አቮካዶ ያልኩሽ እንደሆነ ዘወር ብለሽ ትቀጃለሽ። አንቺ የመሰለሽን ስልሽ ግን ቆመሽ ታስቢያለሽ። ስታስቢ ታይኛለሽ። እኔ የምመጣው ለዚያች አፍታ ነው።»

የምሥራች ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቅፋ ተጎነጨች። ሰዓቱ ደስ የሚል ነበር፤ ባይነካ ይሻላት ነበር። የግድ ነካችው።

«ነገ ዳንግላ ሽማግሌ ይመጣል። ለሌላ ሰው።»

ባምላክ ፊቱ ተለወጠ። የበረንዳውን ምሰሶ ያዘ።

«አንቺ ምን ልትዪ ነው?»

«እሱን እኮ የምትነግረኝ አንተ ነህ፣ ባምላክ።»

በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ዞሮ በደንብ አያት።

«እወድሻለሁ» አለ። «ያ ዝናብ የዘነበ ቀን ነው የጀመረኝ። ዳንግላ የሚያውቀኝ የለም፤ ዘመዶቼ ሁሉ ያሉት ግምጃ ቤት ከተማ ነው። አባትሽ የማን ልጅ ነው ብለው ቢጠይቁ ማን ይመሰክርልኛል እያልኩ ሳሰላስል ዓመቱ ሄደብኝ።»

«እኔ አለሁ አይደል» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ ከመስኮቱ። ክንዴ የቀዳላቸውን ይዘው እዚያው ነበሩ፤ መስማታቸውንም አልደበቁም። «ላሜን ከሞት ላተረፈልኝ ልጅ ያልመሰከርኩ ለማን ልመሰክር ነው?»

የምሥራች እየሳቀች፣ እያለቀሰችም፣ ስልኳን አወጣች። አባቷ ቶሎ አነሱ።

«አባዬ» አለች። «አለ።»

አቶ አዝመራው ማን አለ፣ ምን አለ ብለው አልጠየቁም። የሚጠብቁት ነገር ነበር። «ሰዎቹ ሳይመጡ ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ» አሉ። ቀጥለውም «ሰላም በይልኝ» ብለው ዘጉ። ሰላምታውን ለባምላክ አደረሰች።

የምንይችል ሽማግሎች በክብር ተሸኙ። ግንቦት ሲገባ ከግምጃ ቤት ሦስት አዛውንትና ከእንጅባራ ወይዘሮ ደጊቱ ዳንግላ ወርደው ልጅዎን ለልጃችን አሉ፤ ነገሩም በሰላም አለቀ።

ባምላክ አማቱ ቤት መጀመሪያ የገባ ቀን፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ። ዘመድ ሞልቷል፤ ጠጁ ቀርቧል። የየምሥራች እናት ወይዘሮ ሙሉነሽ ማንቆርቆሪያውን ሊያነሱ ሲሉ አቶ አዝመራው እጃቸውን ያዙ።

«ተይ» አሏቸው። ወደ ባምላክ ዞሩ። «አንተ ምን አስቀመጠህ? ተነስና ቅዳ እንጂ።»

የእንጅባራውን ወሬ ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ አብረውት የመጡት ወይዘሮ ደጊቱ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ባምላክ ተነሳ። እጁን ታጠበ፤ አሁንም ረዘመበት። በመዳፉ ቀመሰና መጀመሪያ ለአቶ አዝመራው፣ ቀጥሎ ለወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ከዚያ ለዘመዱ ሁሉ እየዞረ ቀዳ። ሲጨርስ ጓዳው በር አጠገብ ከቆመችው ከየምሥራች ዘንድ ደረሰ።

«ላንቺስ ምን ልስጥሽ?»

የምሥራች ጠጁንም ብርዙንም አላየችም።

«አንተ የመሰለህን።»

ባምላክ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆመ። ቆሞ አያት።

«ይሄ ልጅ ደግሞ ምን ገተረው?» አሉ አቶ አዝመራው ከኋላ።

«ተዉት አባዬ» አለች የምሥራች፣ ዓይኗን ከባምላክ ሳታነሳ። «ያስብበት።»