ከባርኔጣው የቀረው ዕጣ

ሚስ ኤልማ ጊተንስ «ኪንግስተን» የሚለውን ቁራጭ ወረቀት በዚያን ቀን ከባርኔጣው ያስቀረችው ለምን ነበር? ቸርነት ነው? ፍርሃት ነው? ይህን ታሪክ ስንጀምር መልሱ የለንም፤ እርሷም ራሷ በዚያን ጊዜ አልነበራትም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር፣ በሳቫና ሜዳ ዙሪያ ያሉት የፑዊ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ቢጫ አበባ ብቻ ለብሰው ቆመው ነበር። ፖርት ኦፍ ስፔን የዌስት ኢንዲስ ፌዴሬሽን መናገሻ ከሆነች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ አሥር የእንግሊዝ ግዛቶች በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተጠቃለው፣ እንደራሴም፣ ምክር ቤትም፣ ሚኒስትሮችም ተሰይመውላቸው፣ ነጻነታቸው የሚታወጅበትን ቀን ይጠባበቃሉ፤ ነገር ግን ከትሪኒዳድ እስከ ጃማይካ ሺህ ማይል ባሕር አለና፣ የአንዱ ደሴት ሰው የሌላውን የሚያውቀው በክሪኬት ሜዳና በሐሜት ብቻ ነበር።

ሚስ ኤልማ በዚህ ጊዜ የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። በለንደን ሒሳብ ተምራ ተመልሳ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ በቤልሞንት ሠፈር ባለችው የእንጨት ቤት ብቻዋን ትኖራለች፤ እሑድ የሠራችውን የፔላው ሩዝ ሰኞም ማክሰኞም እርሱኑ እያሞቀች ትበላለች። ለንደን ሳለች «እኛ አገር» ትል ነበር፤ አገሯ ስትገባ ደግሞ «እዚያ ለንደን» ማለት አመጣች፤ በሁለቱም ቦታ ሰዎቹ በትሕትና ያዳምጧትና ወደ ወሬያቸው ይመለሱ ነበር። ከሰው ጋር የሚያገናኛት ነገር ቢኖር ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ነው፤ የከተማው ብሪጅ ክበብ ጸሐፊም እርሷ ነበረች። የደሴቶቹ ክበቦች በጥሎ ማለፍ ይጋጠሙ፣ ሽልማቱም የፌዴሬሽን ዋንጫ ይባል ብላ ሐሳቡን ያመጣች፣ ደንቡንም በገዛ እጇ የጻፈች እርሷ ናት።

በደንቡ መሠረት ጨዋታው ሁሉ በፖርት ኦፍ ስፔን ይደረጋል፤ አንድ ቡድን አራት ሰው ነው፤ ሁለቱ በአንደኛው ክፍል፣ ሁለቱ በሌላው ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ክፍል የተጫወቱበት ካርታ ሳይበወዝ ወደ ሌላው ክፍል ይሄድና፣ አሁን በእኔ እጅ በነበረው ካርታ የባላጋራዬ ጓደኛ ይጫወትበታል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው ዕድሉን ሊያማ አይችልም፤ ያው ካርታ በሌላ ሰው እጅ ምን እንዳፈራ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ሚስ ኤልማ ይህን ሁሉ የደከመችው ለፌዴሬሽኑ ፍቅር ብቻ ነው ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። የኪንግስተን ቡድን አለቃ ኦብሪ ታሎክ የሚባል ጠበቃ ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በለንደን፣ በተማሪዎች ማደሪያ ቤት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ከእርሷ ጋር ተጣምሮ ተጫውቷል። መርከቧ ሊነሣ ሲል፣ «ኪንግስተን ነዪ፤ እንጋባ» ቢላት፣ «ከአገሬ እጽፍልሃለሁ» አለችው፤ አገሯ ስትገባ እናቷን ታመው አገኘቻቸው፤ የጻፈችለት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሆነ፤ ያን ጊዜ እርሱ አግብቶ ነበር። አሁን ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት እንዳለፋት ከሰው ሰምታለች። የምትመኘው ብዙ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ልታየው፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነገር መኖር አለመኖሩን በዓይኗ ልታረጋግጥ ነበር።

ለግብዣ ደብዳቤዋ መልስ ሲሰጣት በጽሕፈት መኪና የተጻፈው ቃል ሁሉ የወግ ነበር፤ ከግርጌው ግን በእጁ እንዲህ ብሎ ጨምሮበታል፦ «ድንቅ ካርታ ታቅፋ፣ መጫረት ፈርታ፣ ‹አልፌያለሁ› የምትለው ኤልማ አንቺው ነሽ? ከሆንሽ የትሪኒዳድን ቡድን እግዜር ይርዳው!»

ዕጣው የሚወጣ ዕለት ክበቡ እንደ ልማዱ በሚስተር ማራጅ መድኃኒት ቤት ፎቅ ላይ ተሰበሰበ። ሚስተር ማራጅ የሚስ ኤልማ ተጣማሪ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው ነበሩ። የክበቡ ሊቀ መንበር ማዳም ሌዮቶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት።

«ስንት ቡድን መጣልን?»

«ሰባት» አለች ሚስ ኤልማ።

«ሰባት!» አሉ ሚስተር ማራጅ። «እስቲ ሰባትን ለሁለት አካፍዪልን፣ የሒሳብ አስተማሪዋ!»

«ምን ችግር አለው? አንዱ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ያልፋል። ኪንግስተን ይለፍ። ሺህ ማይል ተጉዘው መጥተው ባንድ ቀን ተሸንፈው ቢመለሱ አያሳዝንም?»

«እሱስ በዕጣ አይደለም እንዴ የሚወሰነው?» አሉ ማዳም ሌዮቶ።

«ደንቡ ጸሐፊዋ ርቀቱን አይታ ትፈቅዳለች ይላል።»

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ሚስተር ማራጅ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። «አይ ጃማይካ! ካርታ ሳይነኩ አሸነፉ! ድሮም ጉራቸው አላስቀምጥ ብሎን ነበር፤ አሁንማ መቶ ዓመት ያወሩታል። ምን አስነክተውሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?»

ስድስት ወረቀት ወደ ባርኔጣው ገባ፤ ሰባተኛው በሚስ ኤልማ ቦርሳ ውስጥ ቀረ።

የመጀመሪያው ዙር በግንቦት ተጀምሮ በሰኔ አለቀ፤ የፖርት ኦፍ ስፔን ቡድን የግሬናዳን ሰዎች አሰናበተ። ለሁለተኛው ዙር አራት ወረቀት ብቻ ሲቀር፣ ማዳም ሌዮቶ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን አወጡ፤ ፖርት ኦፍ ስፔን ከኪንግስተን፣ በፖርት ኦፍ ስፔን፣ እስከ መስከረም 30። ሚስ ኤልማ መዝገቡን ስትጽፍ ብዕሯ ወረቀቱን ወጋው።

ነገር ግን በእነዚያ ወራት የደሴቶቹ ነገር ተለወጠ። የጃማይካ ሕዝብ በፌዴሬሽኑ ይቆይ ወይስ ይውጣ ተብሎ ድምፅ እንዲሰጥ መስከረም 19 ተቈረጠ፤ በየገበያውና በየአውቶቡሱ ከዚህ ሌላ ወሬ ጠፋ። በነሐሴ መጨረሻ የኦብሪ ደብዳቤ መጣ።

«ውድ ኤልማ፤ ሁለቱ ጓደኞቼ በምርጫው ሥራ ስለ ተመደቡ ከ19 በፊት መንቀሳቀስ አንችልም። ዓርብ በ22 በአውሮፕላን እንመጣለን። እውነቱን ልንገርሽና በግንቦት ቢሆን ይሻል ነበር፤ በግንቦት አራታችንም ነጻ ነበርን፤ እኔማ ዕጣው ሳይወጣ ሻንጣዬን አውርጄ አቧራውን አራግፌ ነበር። ያለ ጨዋታ አልፋችኋል የሚለው ወረቀትሽ ሲደርስ የቡድኑ ልጆች ጨፈሩ፤ እኔ ግን ምነው በቀረብን አልኩ።»

ሚስ ኤልማ ደብዳቤውን በረንዳዋ ላይ ቆማ አነበበች፤ ከዚያ ተቀመጠች። ስለ መንገዱ ርቀት ያለችው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን በሚያዝያ ወር መስተዋት ፊት ቆማ ሽበቷን እንደ ቈጠረች፣ «ትንሽ ጊዜ ባገኝ» እንዳለችም ትዝ አላት፤ ለኪንግስተን ሰጠሁ ያለችውን ሦስት ወር የወሰደችው ለራሷ ነበር። በብሪጅ ቢሆን ያው ካርታ በሌላው ክፍል እንደ ገና ይጫወታል፤ ይህን ግን የሚጫወትላት ሌላ ክፍል የለም።

መስከረም 20 ሬዲዮው ውጤቱን ተናገረ፤ ጃማይካ ልትወጣ ነው። ከኪንግስተን ቡድን «እንመጣለን» የሚልም፣ «ቀርተናል» የሚልም ቃል አልደረሰም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሚስተር ማራጅ በአሮጌ ሞሪስ መኪናቸው ሚስ ኤልማን ፒያርኮ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰዷት። ዝናብ ይጥል ነበር። ከአውሮፕላኑ ሁለት መነኮሳት፣ አንድ ነጋዴ፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ወረዱ፤ ከዚያ መሰላሉ ተነሣ።

«በቃ፣ ልጄ» አሉ ሚስተር ማራጅ። «ሬዲዮኑን ሰምተሻል። ‹ወጣሁ› ብሎ በሩን የዘጋ ሰው ለእራት ይመለሳል?»

«ዓርብ እመጣለሁ ብሏል።»

«ብሏል ወይስ ብለዋል?»

ከተነሣው መሰላል ዓይኗን አልነቀለችም። ሚስተር ማራጅ ተረባቸውን ዋጡና ጃንጥላውን ወደ እርሷ አዘነበሉ፤ ትከሻቸው ረጠበ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሁለቱ ክፍሎች ተሰናድተው ነበር፤ ካርታው ተቈጥሮ፣ እርሳሱ ተቀርጾ፣ ባዶ የመጠጥ ብርጭቆው ተደርድሮ። ማዳም ሌዮቶ እስከ አምስት ሰዓት ጠብቀው ተነሡ።

«በይ ሰርዢያቸው። አገራቸውን የሰረዙ እነሱ ናቸው፤ እኛ ምን ዕዳ አለብን?»

«ደንቡ እስከ 30 ይላል።»

«እንግዲህ ማነው ታዲያ እስከ 30 እዚህ የሚቀመጠው?»

«እኔ።»

«ይተዉአት፣ ማዳም» አሉ ሚስተር ማራጅ በቀስታ፤ ሲቀልዱ አልነበረም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ዕረፍት በሆነ ጊዜ፣ ሚስ ኤልማ ቴሌግራም ቤት ሄደች። መጀመሪያ «የክበባችሁን ውሳኔ አሳውቁን» ብላ ጻፈች፤ ቀደደችው። በሁለተኛው ወረቀት ላይ የጻፈችውን የቴሌግራም ቤቱ ጸሐፊ የሆነችው ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላት።

«‹ቡድኑ ቢቀርም አንተ ና። ብቻህን ና። ኤልማ።› ይሄ በክበቡ ስም ነው የሚላከው፣ ሚስ?»

«አይደለም። በእኔ ስም ነው።»

«‹ና› ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንዱ ይውጣ?»

«ይቈይ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻትና ማኅተሙን መታች።

መስከረም 30 አልፎ ጥቅምት ሲጠባ ሚስ ኤልማ በመዝገቡ ላይ «ኪንግስተን አልቀረበም» ብላ ጻፈች፤ የእርሷ ቡድን ያለ ጨዋታ ወደ ፍጻሜው አለፈ፤ በኅዳርም በባርቤዶስ ቡድን ተሸነፈ። ጋዜጣው ይህን ከፈረስ እሽቅድምድሙ ዜና ሥር በሁለት መሥመር አወጣው። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት 31 የፌዴሬሽኑ ሰንደቅ ዓላማ ወረደ፤ በነሐሴ ጃማይካ ለብቻዋ፣ ትሪኒዳድም ለብቻዋ ነጻ ወጡ፤ በሁለቱም ከተማ ተጨፈረ። የታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን የመስከረም 19 ማክሰኞ ድምፅ ቈጥረው፣ ስንቱ ሕዝብ ይውጣ፣ ስንቱ ይቈይ እንዳለ አስፍረውልናል፤ ተናጋሪዎቹንም፣ ንግግራቸውንም እናውቃለን። ኦብሪ ታሎክ ድምፁን ለየትኛው ወገን እንደ ሰጠ፣ ወይም እንዳልሰጠ፣ የሚያውቅ የለም። ከፌዴሬሽኑ ጋር ስንት እንዲህ ያለ የሁለት ሰው ጉዳይ አብሮ እንደ ፈረሰ ማን ይቈጥራል? ምናልባትም ፌዴሬሽኑ ሰበብ ብቻ ነው፤ እርሱ ባይፈርስም ሚስ ኤልማ ሌላ ሰበብ ታገኝ ነበር ይሆናል።

ቴሌግራሙ በዚያው ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በኪንግስተን ለተጻፈለት ሰው በእጁ ተሰጥቷል፤ የቴሌግራም ቤቱ የማስረከቢያ ወረቀት በሦስተኛው ቀን ለሚስ ኤልማ ደረሳት። ከዚያ ወረቀት ሌላ ከኪንግስተን የመጣ ነገር የለም።