የማሽኒስቱ ማይክሮሜትር

ሚሊ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የፋብሪካ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ለአንዲት ሚሊሜትር ብላ ቀኑን ሙሉ ስለምትጨቃጨቅ። ከፋብሪካው ወጥታ በእናቷ ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል አሮጌ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ስትተክል የቀራት መለኪያ ብቻ ነበር። አዲሱ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። የብረትን ውፍረት በጥቃቅኑ የሚለካ ያገለገለ ማይክሮሜትር ፍለጋ ስትንከራተት ሰንብታ፣ በሰው በሰው አንድ በር አንኳኳች።

የከፈተላት ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ነው። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ማሽኒስት ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሣጥናቸውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲከፍተው፣ ሦስት ማይክሮሜትሮች ዘይት እንደተቀቡ ተጋድመዋል።

«እስኪ ይዩዋቸው» አላት። «እኔ የትኛው አፉ፣ የትኛው ጭራው እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

ሚሊ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ወደ መስኮቱ ይዛ ብርሃን አሳየቻቸው። በማግስቱ ተመልሳ መጣች። በሦስተኛው ቀንም መጣች።

«ሰው ለትዳር እንኳ ይህን ያህል አይመረምርም!» አላት።

«ባይመረምር አይደል ታዲያ የሚፋታው?»

ሁለቱም ሳቁ፤ «እርስዎ» መባባሉም በዚያው ቀረ። እውነቱን እናውጣው ከተባለ፣ በሦስተኛው ቀን ሚሊን ያመጣት ማይክሮሜትር አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክናታል። ትልቁ ማይክሮሜትር እንደ ትንሹ ተዘግቶ ዜሮው አይታይም፤ ልክነቱ የሚረጋገጠው ርዝመቱ በታወቀ መፈተሻ ዘንግ ነው። የዘንጉ ቦታ ግን ሣጥኑ ውስጥ ባዶ ነው።

«ይሄኛው ልክ ነው?» አለችው።

«አባዬ ልክ ያልሆነ ነገር በእጁ ይዞ አያውቅም።»

አየችው። ዓይኑን አልሰበረም። የባለሱቁን ሚዛን ሁለቴ ካላስደገመች የማትረካው ልጅ፣ ትልቁን ማይክሮሜትር የሰው ቃል አምና ገዛችው።

ከዚያ በኋላ አስተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ወደ ጓሮዋ ይወስደው ጀመር። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ የተማሪዎቹን ደብተር ያርማል፤ እሷ ብረት ትቆርጣለች።

«ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ጩኸት ምን ትባባላላችሁ?» ትላለች እናቷ።

«ምንም አንባባልም እማዬ።»

እውነቷን ነው። ቀና ስትል እሱም ቀና ብሎ ታገኘዋለች፤ ይበቃቸው ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ከወፍጮ ቤት መጣ፤ የወፍጮውን ድንጋይ የሚያዞር ድፍን ብረት፣ አራት ሻፍት። ሚሊ ዓይኗ እስኪቀላ ሠርታ፣ በማይክሮሜትሩ ለክታ አስረከበች። ባለወፍጮው ሻፍቱ የሚሽከረከርበትን ቀለበት፣ ኩሽኔታውን፣ ሲያስገባበት፣ ተመትቶ መግባት የነበረበት ኩሽኔታ እየተንሸራተተ ገባ፤ ሲነኩትም ይወዛወዛል።

«እንዲህማ ከሆነ እኔም በቢላ እቀርጸው ነበር!» አላት ሰው ሁሉ እየሰማ።

በሐፍረት ተቃጥላ ቤቷ ስትደርስ አስተማሪው ፈገግ ብሎ ተነሣላት።

«ወድቆ የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ» አለችው።

«የቱን?»

«ትልቁን ማይክሮሜትር።»

«አባዬ አልጣለውም።»

«ታዲያ ማን ጣለው? ወይ አንተ ጥለኸዋል፣ ወይ እሳቸው ጥለው ደብቀውሃል!»

ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልጮኸም። ደብተሮቹን ሰብስቦ ወጣ። በማግስቱ ሚሊ ማይክሮሜትሩን ወስዳ በሩ ላይ አስቀመጠችና ሳታንኳኳ ተመለሰች።

አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ቶርኖው ዝም አለ። «ኧረ ልጄ አፍሽን ፍቺው» ስትላት እናቷ፣ ሚሊ ንጹሑን ቶርኖ እንደገና ትወለውላለች። ቁጣው ሲበርድላት የቀራት ናፍቆት ብቻ ነበር፤ ናፍቆቱም እንቅልፍ ነሣት።

በመጨረሻ ባለወፍጮው የመለሰላትን አራቱን ሻፍት ተሸክማ ወደ ቀድሞው ፋብሪካዋ ሄደች። የመለኪያ ክፍሉ ኃላፊ፣ ጋሼ የምትላቸው ሽማግሌ፣ የሆነውን ሁሉ ሰምተው አንድ በአንድ ለኳቸው።

«የወደቀ ማይክሮሜትር እንዲህ አይስትም» አሉ። «አንዴ ያበልጣል፣ አንዴ ያሳንሳል። ያንቺ ግን አራቱም እኩል ነው የቀነሱት፤ ከሚሊሜትር መቶ እጅ ሁለቱን። ዕቃው ጤነኛ ነው። ባለቤቱ ሲለኩ ብሎኑን ጥርቅም አድርገው የሚያጠብቁ ሰው ነበሩ መሰለኝ፤ ዜሮውን ለራሳቸው እጅ አስተካክለውታል። አንቺ ደግሞ ለስላሳ ነው አያያዝሽ፤ ቁጥሩ ያበልጥብሻል፣ አንቺም አብልጠሽ ትቆርጫለሽ።»

ሚሊ መፈተሻ ዘንግ ለምናቸው እየሮጠች ወጣች።

አስተማሪው በሩን ሲከፍት ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል።

«መጨረሻ ላይ የአባዬ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር» አላት፣ ሰላም እንኳ ሳይላት። «አንቺ ካልሽኝ በኋላ፣ ጥሎት ነው፣ አፍሮ ነው የደበቀን እያልኩ ይኸው አሥራ ሁለት ቀኔ። የሞተን ሰው ጠርተሽ አትጠይቂው።»

ያሳጣችው ሥራ ወይም ገንዘብ አልነበረም፤ አባቱን ነው ያሳጣችው።

«ማይክሮሜትሩን አምጣው» አለች በቀጭን ድምፅ። «አባትህ አንድ ነገር ሲያጠብቁ እንዴት ነበሩ?»

«ቧንቧ ከዘጋ እኔና እናቴ መክፈት ያቅተን ነበር። ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያጠብቀው።»

ዘንጉን በማይክሮሜትሩ ይዛ በራሷ እጅ ለካች፤ ቁጥሩ ያንኑ የመቶ እጅ ሁለት አበለጠ። ከዚያ እሱን አስያዘችው።

«እሳቸው እንደሚያደርጉት አጥብቀው።»

ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። ሚሊ ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ልክ ነው» አለች። «አባትህ አልጣሉትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አስተማሪው ማይክሮሜትሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚሊ ትከሻውን ለመንካት አልደፈረችም።

«ለብረቱ ተመላልሰሽ ጠይቀሻል» አላት ፊቱን ሲመልስ። «ለእኔ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልተረፈሽም።»

«ያላረጋገጥኩት አንተ ስላልከኝ ነው። እንዲህ አምኜው የማውቅ ሰው የለም። ሲስት ጊዜ ደነገጥኩ። በጣም ስለምወድህ ነው የደነገጥኩት።»

ወንበር ሳበላት፤ እጇንም ያዘ።

«እንግዲያው አሁን ጠይቂኝ። የሚያስፈራሽን ሁሉ።»

ሚሊ ተቀመጠች። መጀመሪያ የጠየቀችው ይቅር ይላት እንደሆነ ነበር። ቶሎ አልመለሰላትም፤ እጇን ግን አልለቀቀም።