የቆመው ታንኳ

የሀፊዛ አስከሬን በሐይቁ ዳር ከደንገሉ መሀል ሲገኝ ነፋሱ ገና አልበረደም ነበር። ከትምህርት የሚቀሩ ሕፃናትን ቤት ለቤት እየጠየቀች ከወላጆቻቸው ጋር መላ የምትፈልግ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ነበረች። ትናንት የሄደችው ወደ አሣ አጥማጁ ሀሚዱ ቤት ነው። ሚስቱ ዓረብ አገር ናት፤ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ሰሚሃ ሕፃን ወንድሟን አዝላ ቤት ትውላለች።

ኢንስፔክተር እድላዊት በሐይቁ ዳር ያለውን ዋርካ ተደግፎ የቆመውን የሀሚዱን የደንገል ታንኳ ዳሰሰች። ታችኛው ጫፍ እርጥብ ነው።

«ማን ነካው?»

«ማንም። ጧት ስንመጣም እንዲሁ ቆሞ ነበር» አለች የሀሚዱ እህት መስኡዳ።

«እኔ ትናንት ገበያ ነበርኩ፤ ወላሂ!» አለ ሀሚዱ። «ታንኳውን ራሷ ወስዳው ይሆናል።»

ሰፈርተኛው ግን ከሳውዲ የተመለሰውን አሣ ነጋዴ ኢምራንን ነበር የሚያየው። አሣ የሚያጸዱለትን ልጆች ሀፊዛ ወደ ትምህርት ቤት ስለመለሰችበት ተሰዳድበው ነበር።

«ሰደበችኝ፣ ሰደብኳት፤ አለቀ» አለ ጄሶ የታሰረ ክንዱን እያሳየ። «በዚህ ማንን ልግፋ? ታንኳ ላይማ ወጥቼም አላውቅ!»

እድላዊት ወደ መስኡዳ ዞረች። «ሀፊዛ ከእርስዎ ምን ትፈልግ ነበር?»

«ጧት ጧት ሕፃኑን እንድይዝ። እሺ አልኳት። ለእናትየዋም ደውላ ልታበስራት ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሰሚሃ ጎንበስ አለች። «እማዬ ስትደውል አባዬ ምን ይላታል?»

«‹ትምህርት ቤት ናት› ይላታል። እኔን ዝም በይ ይለኛል።»

ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበቻቸው። ረግቶ የቆመ አልነበረም፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሰሚሃ ትወዛወዛለች።

«ሀፊዛ ብቻዋን ሰጥማ ቢሆን ታንኳው ተንሳፍፎ ይገኝ ነበር። ይሄ ግን አጥማጆች ከቀዘፉ በኋላ እንደሚያደርጉት ውሃው እንዲወርድለት ቆሟል። ሌላ ሰው ጥሎት ይሮጥ ነበር፤ አጥማጅ ግን ቢደነግጥም እጁ አይረሳም። ውሃ የጠጣ ታንኳ በአንድ ክንድ አይነሳም፤ እትዬ መስኡዳም አይችሉትም። በዚህ ዳር ደግሞ ሌላ አጥማጅ የለም። ሀሚዱ፣ አንተ ገበያ ከነበርክ ማን አቆመልህ?»

ሀሚዱ እጆቹን ተመለከተ።

«ላድርስሽ ብለህ አሳፈርካት። ለሚስትህ ከደወለች ‹ትምህርት ቤት ናት› ያልከው ውሸት ይወጣል።»

«ስልኩን ልቀማት ስል ወደቀች።»

«ዋና ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«ልታወጣት ውሃው ውስጥ ገባህ?»

ሀሚዱ ፊቱን ከሐይቁ አዞረ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲሄዱ ሰሚሃ «ነገ ሕፃኑን ማን ያዝለዋል?» አለች።

መስኡዳ አንቀልባውን ፈታች። «አብሽሪ፣ እኔ አለሁ። አንቺ ትምህርት ቤትሽ። ለእናትሽም ዛሬውኑ እንደውልላታለን፤ እውነቱን።»

ሕፃኑ ዝም አለ። ሰሚሃ ግን ባዶ ጀርባዋን ማወዛወዟን አላቆመችም።