ከራጅ ክፍል እስከ እናቱ ሳሎን

ራጅ አንሺዋ ቀኑን ሙሉ ለመጣው ሁሉ የምትለው ሁለት ነገር ነበር፤ «ትንፋሽ ይያዙ» እና «አሁን ይተንፍሱ»። ኮምፒውተር ጠጋኙ ከሁሉ አስቀድሞ የወደደው ድምጿን ነው። ከግድግዳው ማዶ ተንበርክኮ ሽቦ ሲጎትት «ትንፋሽ ይያዙ» ስትል ሰማና ሳይታወቀው እሱም ያዘ። የተነፈሰውም ለበሽተኛው ሲፈቀድለት ነው።

ወደዚያ ትንሽ ሆስፒታል ያመጡት እናቱ ናቸው። እናቱ የራጅ ሐኪም ናቸው፤ ሌላው ያነሳውን ምስል አይተው ሕመሙን የሚያነቡ። ጉልበታቸው ከድቷቸው ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ቤት ዋሉ። በሆስፒታሉ ደግሞ ከሳቸው ሌላ አንባቢ አልነበረም። ምስሉን ቤታቸው ድረስ የሚልክ መሣሪያ አቅራቢዎች ቢጠየቁ፣ የጠሩት ዋጋ ሥራ አስኪያጁን ራሱን አልጋ የሚያስይዝ ሆነ።

«እስከ ዓመቱ መጨረሻ መላ ካልተገኘ የራጅ ክፍሉ ይዘጋል» አላት ሥራ አስኪያጁ ራጅ አንሺዋን። «አንቺም ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትዛወሪያለሽ።» ትልቁ ሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል፤ እስከዚያው የሚነሳው ምስል ለንባብ የሚላከውም ወደዚያ ነበር።

ሐኪሟ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ልጄ የተማረው ለመቼ ነው?» አሉ።

ልጅየው ከመጋዘን አቧራ የጠገበ ኮምፒውተር አወጣ፤ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ጫነበት፤ እናቱ ሳሎን ባለችው ተራ የኢንተርኔት መስመር ምስል ሊያሻግር ተነሳ። ራጅ አንሺዋ ግን «በሰው ሕመም ሙከራ የለም» ስላለች ዕቃ እያነሱ መላክ ጀመሩ። መጀመሪያ የተነሳው የሷ ጫማ ነው። ቶሎ እንዲደርስ ብሎ አሳንሶ ላከው። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጫማ ነው ድመት?»

«ጫማ ነው እማዬ።»

«ምስማሮቹስ የታሉ? የጫማ ምስማር ካልታየኝ የአጥንት ስንጥቅ በምን ዓይኔ ሊታየኝ ነው? ሰው እኮ ሊታከም እንጂ ፎቶ ሊነሳ አልመጣም። ምንም ሳትቀንስ ላክ።»

ራጅ አንሺዋ ሳቋን በእጅጌዋ አፈነች። «እናትህ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«ዛሬስ ደህና ቀኗ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ምስሉን ሳያሳንስ ቆራርጦ፣ ቁራሽ በቁራሽ ይልከው ጀመር። መስመሩ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ልጅቷ በሽተኛ ትታ ቁልፍ ስትነካካ እንዳትውልም፣ ምስል በተነሳ ቁጥር በራሱ እንዲሄድ አደረገው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ» አሉ እናቱ በስልክ። «ያንተ እንቁላል ግን በክራንች ነው የሚሄደው።»

ያም ሆኖ ፍጥነቱ እየተሻሻለ ሄደ። ወራት አለፉ። ቁልፍ፣ ሬዲዮ፣ የእጅ ሰዓት ተነሳ። ምሳቸውን አብረው መብላት ለመዱ፤ ሲመሽም አውቶቡስ እስክትሳፈር ይሸኛታል። አንዳንዴ አውቶቡሱ መጥቶ ይሄዳል፤ ሁለቱም እንዳላዩት ይሆናሉ።

እሱ ግን ውስጥ ውስጡን ሐሳብ ገባው። ካልተሳካለት እሷ ትሄዳለች። ከተሳካለት ደግሞ የሚመጣበት ሰበብ አይኖረውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሽቦውን አላልቶ ሊተወው እጁን ዘረጋ። በበሩ ክፍተት ክንዳቸውን በሻርፕ ያንጠለጠሉ አዛውንት ወረፋ ሲጠብቁ አየ። ሽቦውን አጥብቆ አሰረው።

በዚያ መስመር ምስላቸው የተላከ የመጀመሪያው ታካሚ እኚሁ አዛውንት ሆኑ።

«ስንጥቁ ይታየኛል» አሉ ሐኪሟ በስልክ። «ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ነው፤ ፀጉር አክሏል። ክንዳቸው ይታሰር።»

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ እጁን ጨብጦት ሄደ። ክፍሉ አይዘጋም። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እንግዲህ አለቀ» አለች።

«አለቀ።»

«መቼም ኮምፒውተር መበላሸቱ አይቀርም» አለች ጓንቷን እያጣጠፈች።

«ይሄስ አይበላሽም። በደንብ ነው የሠራሁት።» ይህን ካለ በኋላ መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲረግም ሄደ።

ሳምንቱን ሙሉ ጠፋ። ከዚያ አንዲት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንም ሳይበላሽ መጣህ?»

«አንድ ሙከራ ቀርቶኛል። ሳትከፍቺ አንሺው።»

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁለቱም ከመከለያው መስታወት ጀርባ ገቡ። በልማድ «ትንፋሽ ይያዙ» አለች። ምስሉ ወጣ፤ በጥቁሩ መሐል አንዲት ነጭ፣ ክብ ቀለበት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ።

የገዛ ሥራውን ረስቶት ነበር። ቀለበቱ በራሱ እናቱ ሳሎን ደርሷል።

«ዶክተር?» አለች ልጅቷ ስልኩን አንስታ።

«እሱን አታቅርቢልኝ፤ ውጤቱ ያንቺ ነው» አሉ ሐኪሟ። «ቀለበት ይታየኛል፤ ስንጥቅ የለበትም። ከሙሽራዋ እኩል ለእናቱ የላከው ልጅ ግን ጭንቅላቱ ይመርመርልኝ።»

«ምክርዎስ ምንድነው ዶክተር?»

«ውሳኔው የታካሚዋ ነው።» ከዚያ ድምጻቸው ለስለስ አለ። «እኔ እንኳ ከጫማሽ ምስማር ጀምሮ ወድጄሻለሁ።»

ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«በራሱ እንደሚሄድ ረሳሁት።»

«በደንብ ነዋ የሠራኸው።»

ሳጥኑን ከፈተች። ቀለበቱን አጥልቃ እጇን ወደ መብራቱ ዘረጋች፤ ከዚያ እሱን አየችው። ድንጋይ ሆኖ፣ ደረቱ ሳይንቀሳቀስ ቆሟል።

«አሁን ተንፍስ» አለችው።