ከመቶ አሥራ ሦስት

የሠራተኛ ማኅበሩ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከቢሮው መስኮት ሥር፣ ዝናብ ባጠበው ሲሚንቶ ላይ ተዘርሮ ተገኘ። መርማሪዋ ስትደርስ ሰው ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ወረወረ። ፋብሪካዎች ተዘግተው አባወራው ደጃፍ ላይ በሚውልበት በዚያ ዘመን፣ ይህን ማመን ማንንም አላስቸገረም።

እሷ ግን ወደ ቢሮው ወጣች። ጥበቃው አስከሬኑን ካየ ጀምሮ ማንንም ወደ ፎቁ አላሳለፈም። መስኮቱ ተዘግቶ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከሥሩ ለነገው ሰልፍ የታተሙ ፖስተሮች ተከምረዋል፤ «ከመቶው ሠላሳ አንዱ ሥራ አጥ ነው!» ይላሉ። የላይኛውን ብቻ ጥቂት ጠብታ ነክቶታል።

«የወደቀ ሰው መስኮት አይዘጋም» አለች በልቧ።

በዚያ ቀን ሟችን በሕይወት ሳለ ያገኙት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሚስቱ ጠዋት ቢሮ ድረስ መጥታ እንደተጣሉ አልደበቀችም። ከምሳ በኋላ ግን ደውሎ ይቅርታ እንደጠየቃት፣ ሥራ አጦችን የሚቆጥረው የቤት ለቤት ጥናትም ገና ያን ሰዓት ተደምሮ ከመቶ አሥራ ሦስት እንደወጣ ነገረቻት። መርማሪዋ ቁጥሩን ለማንም እንዳታነሳ አደራ አለቻት። ሊቀመንበሩ ሟች ወንበሬን ይነጥቀኛል ብሎ ይፈራው እንደነበር ሳይጠየቅ አመነ፤ ሰልፉንም ሆነ ፖስተሩን ከመጀመሪያው እንዳልወደደው ጨመረበት።

ሦስተኛው፣ በንግግሩ አደባባይ የሚያናውጠው፣ «ነጎድጓድ» የሚሉት የማኅበሩ ቀስቃሽ ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ጠዋት ተለያየን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ በስልክም አልተገናኘንም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ሐሳባችን አልገጠመም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ከመቶ አሥራ ሦስት ተብሎ ማን አደባባይ ይወጣል?»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች።

ሲመሻሽ ሦስቱን በስብሰባ አዳራሹ አስቀመጠቻቸው።

«መስኮቱን የዘጋው ገዳዩ ነው» አለች። «ሰው ገፍትሮ የሚሸሽ ሰው ዝናብ ገባ አልገባ ምን ገዶት? ለፖስተሮቹ የሚሳሳ ካልሆነ በቀር። ፖስተሮቹ ቢበሰብሱ ለሊቀመንበሩ ደስታቸው ነበር፤ ለሚስትየዋም ምኗም አይደሉም።» ወደ ቀስቃሹ ዞረች። «አሥራ ሦስት የሚባለው ቁጥር ደግሞ ጠዋት አልነበረም። ከምሳ በኋላ ነው የተወለደው። ለሚስቱ በስልክ ነገራት። ለእርስዎስ ማን ነገረዎት?»

ነጎድጓድ ከሰዓት ተመልሶ እንደመጣ፣ ሟች ቁጥሩን ነገ ለጋዜጣ እሰጣለሁ እንዳለው፣ በንዴት እንደገፋው ተናገረ። ታናሽ ወንድሙ ከሥራ ከተባረረ ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደሚተኛ፣ ሰልፉ ከከሸፈ እሱን የሚያስነሳው ነገር እንደሌለም ነገራቸው።

ሚስትየዋ እስካሁን አቀርቅራ ነበር። «ወንድምህ ሥራ ይፈልጋል?» አለችው።

«በፊት ይፈልግ ነበር። አሁን ትቶታል።»

«እንግዲያው አሥራ ሦስቱ ውስጥ የለም። እነሱ ገና ሥራ በመፈለግ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ተስፋ ቆርጠው የተዉትን ዛሬ ማታ ሊደምራቸው ነበር። ድምሩ ከፖስተሩ ቁጥር ሳይበልጥ አይቀርም ብሎኛል።»

ሊቀመንበሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ነጎድጓድ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም ብሎኝ ነበር» አለ። «መስኮቱ ጋ ቆሞ... አልጨረስኩም ነው ያለኝ።»