የኤፍራታ ሁለተኛ ጉርሻ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ጆሯችሁን ብታውሱኝ የማያስቆጭ ታሪክ አለኝ። ባሕር አለበት፣ መድፍ አለበት፣ ተገልብጦ የሚተኛ እንስሳም አለበት!

ኤፍራታ ሁሉንም ነገር የምታደርገው ፈጠን ፈጠን ብላ ነው። ፈጠን ፈጠን ትበላለች። ፈጠን ፈጠን ትሮጣለች።

እናቷ በካሪቢያን ባሕር ዳር፣ ካርታኼና በምትባል የወደብ ከተማ መርከብ ትጠግናለች። ወደብ ማለት መርከቦች የሚያርፉበት ቦታ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኤፍራታ እናቷ ጋ መጣች።

«ቡኡኡኡ!» አለች አንዲት ትልቅ መርከብ።

ከተማዋን ወፍራም የድንጋይ ግንብ ከቧታል። ግንቡ ላይ አሮጌ መድፎች ተደርድረዋል።

«እማዬ፣ ይኼ ሁሉ ግንብ ለምንድን ነው?»

«ድሮ የባሕር ወንበዴ እንዳይገባ ነው።»

«እኔንስ ያስገቡኛል?»

«አንቺን ማን ያስቆማል!»

ኤፍራታ ግን ከግንቡም ከመድፉም ይልቅ የፈለገችው ጓደኛ ነበር። እዚህ አገር አብሯት የሚጫወት አንድም ልጅ የለም።

እናትና ልጅ ወደ ከተማዋ መናፈሻ ሄዱ። እዚያ፣ ትልቅ ዛፍ ላይ፣ አንድ ጠጉራም እንስሳ ተገልብጦ ተንጠልጥሏል።

ስሎዝ ይባላል። ስሎዝ አይቸኩልም። አንድ እጁን ሲያነሳ እንኳ እንዲህ ነው፤ ቀስ... ቀስ... ቀስ...

ከዛፉ ሥር ማይራ የምትባል ልጅ ቁጭ ብላለች። አያቷ አጠገቧ ፍራፍሬ ይሸጣሉ። ማይራ ኤፍራታን አየቻትና ፈገግ አለች።

«እማዬ! ሳቀችልኝ!»

ኤፍራታ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ ቀጭ! ውስጡ በበርበሬ የቀላ የድርቆሽ ፍርፍር ነው።

እነኤፍራታ ቤት የወደዱትን ሰው ያጎርሳሉ። ስለዚህ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጀችና፣ ፈጠን ፈጠን ብላ፣ ማይራ አፍ ውስጥ ከተተችው!

እናንተ ጉርሻ ታውቃላችሁ። ማይራ ግን አታውቅም። በርበሬም ቀምሳ አታውቅም።

ዓይኗ ፈጠጠ። «ፉ! ፉ! ፉ!» ብላ ተፋችው። ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

መናፈሻ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ ኤፍራታን አያት።

ፊቷ ጋለ። ጆሮዋ ጋለ። ሮጣ ሌላ ዛፍ ጀርባ ተደበቀች።

እናቷ ተከትላት መጣች። «ኤፊዬ፣ ነይ ውጪ።»

«የለሁም።»

«እግርሽ ይታየኛል እኮ።»

ኤፍራታ እግሯን ሰበሰበች።

«እማዬ፣ እኔ ስለወደድኳት ነው! አሁን ሁሉም ሰው አየኝ። አፈርኩ። ቤት እንሂድ።»

«ማፈርሽ ክፉ አይደለም» አለች እናቷ። «ልብሽ ‹ሄደሽ አስተካክዪ› እያለሽ ነው። ተደብቀሽ ግን እንዴት ታስተካክያለሽ?»

ኤፍራታ አሰበች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ትዪ የለ? አንድ ብቻ ስላጎረስኳት ነው!»

«ሁለተኛውንማ ካጎረስሻት ከመናፈሻው ያባርሩናል!» እናቷ ሳቀች።

ኤፍራታ ግን አልሳቀችም። አንገቷን ደፋች።

ቀና ስትል ስሎዙን አየችው። እጁን ወደ አንድ ቅጠል ዘረጋ። ቀስ... ቀስ... ቀስ... ቅጠሉን ነካ። ቆየ። ከዚያ ያዘው።

ኤፍራታ ከተደበቀችበት ወጣች። ፊቷ ገና ትኩስ ነው። እግሯ እምቢ ይላታል። ግን ሄደች፤ ቀስ... ቀስ... ቀስ...

እናቷ በዚያ አገር ቋንቋ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል በጆሮዋ ነገረቻት።

«ፔርዶን» አለች ኤፍራታ። ድምፅዋ የትንኝ ድምፅ ይመስል ነበር።

ማይራ ፊቷን አዞረች።

ኦ! ኤፍራታ ሮጣ መደበቅ አማራት። ግን አልሮጠችም። ባዶ መዳፏን ዘርግታ ቆመች። «ፔርዶን» አለች ደግማ። ከዚያ ጠበቀች።

ማይራ የኤፍራታን መዳፍ አየች። ፊቷን አየች። እንባዋን ጠረገችና ከአያቷ ሳህን አንድ ቁራጭ ጥሬ ማንጎ አነሳች።

ማንጎውን ወደ ኤፍራታ አፍ አስጠጋች። አልከተተችውም። ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ጠበቀች፤ «ልስጥሽ?» እንደማለት።

ኤፍራታ «እሺ» እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። አፏን ከፈተች። ዋጥ!

ማንጎው ጨውና ሎሚ አለበት! የኤፍራታ ፊት ጭምድድ አለ።

«ፉ! ፉ! ፉ!» አለች ማይራ እያሾፈችባት።

«ፉ! ፉ! ፉ!» አለች ኤፍራታም። ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። አያትየውም ሳቁ።

«እማዬ!» ጮኸች ኤፍራታ። «ይኼ እኮ ሁለተኛው ጉርሻ ነው!»

ማታ እናቷ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። «አሁንም ታፍሪያለሽ?»

«ትንሽ። ይቺን ታህል።» ኤፍራታ የትንሽ ጣቷን ጥፍር አሳየቻት። «ነገም ማይራ ጋ እንሄዳለን፣ አይደል?»

«እንሄዳለን።»

«ቡኡኡኡ!» አለች መርከቧ ከሩቅ። የኤፍራታ ዓይን ተከደነ፤ ቀስ... ቀስ... ቀስ...

እናንተም ዛሬ እራት ላይ ሞክሩት! ጉርሻ አዘጋጁና አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ላጉርስህ?» በሉት። ከዚያ እንደ ስሎዙ ጠብቁ። አፉን ሲከፍት አጉርሱት። ሁለተኛውን እንዳትረሱ ታዲያ!