የሞቀ ድንጋይ

«ተዘግቷል አልኳችሁ እኮ! በሩን ብትደበድቡት ማን ይከፍትላችኋል?»

የሚጮኸው ከድሩ ነበር፤ ከአቶ ወንዳፍራሽ ሬዲዮ ቤት አጠገብ ጨውና ላምባ የሚሸጠው። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰበታ ከጠዋት ጀምሮ ሞልታለች። ሬዲዮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አሥር ያህል ሰዎች ተኮልኩለዋል፤ ገሚሱ የሬዲዮ ድንጋይ ሊገዛ፣ ገሚሱ ለጥገና የሰጠውን ሊወስድ ነው የመጣው። በሩ ላይ ሁለት ጣውላ ተቸንክሮበታል። ከላይ የነበረው ሰሌዳ የለም። በቦታው ፀሐይ ያልነካው የግድግዳ ቀለም አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል።

አያንቱ ከሰው ጀርባ ቆማ ያንን አራት ማዕዘን ታያለች። ጓደኛዋ ተረፈች ክንዷን ያዝ አድርጋ «ነይ እንሂድ» አለቻት በጆሮዋ። አያንቱ አልተንቀሳቀሰችም።

«መቼ ሄደ?» አሉ ኦቦ ኢቲቻ፣ ከተፍኪ ማዶ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ።

«ረቡዕ ዕለት። ዕቃውን ጫነና ሄደ። የት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም።»

«የእኔን ሬዲዮ ይዞ?»

«ኧረ የእርስዎማ እኔ ዘንድ ነው» አለ ከድሩ። «የሁሉንም ስም ጽፎ፣ በገመድ አስሮ አስረክቦኛል። አንድም አልጎደለም። እኔን ካላመናችሁ ገብታችሁ እዩ!»

«ታዲያ ሌባ እንዲህ ያደርጋል?» አለ ከመሀል አንድ ሰው።

ከዚያ አንዲት ቅቤ ሻጭ ሴት ቅሏን ከጀርባዋ እያወረደች፣ «ኦቦ ኩምሳ በኃይለ ሥላሴ ስም ምለው ነው የተናገሩት። ኦቦ ኩምሳ ደግሞ በሐሰት አይምሉም» አለች።

ኦቦ ኩምሳ የአያንቱ አባት ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቷ ለቅሶ ሄደዋል። አያንቱና ተረፈች ለስምንተኛ ክፍል ፈተና እናጠናለን ብለው ደብተር ዘርግተው፣ ጆሯቸው ግን የዘፈን ምርጫው ላይ ነበር። መሀል ላይ የሬዲዮው ድምፅ እየሰለለ መጣ። ድንጋዩ ደክሟል።

«ይሙቅ» አለች ተረፈች። «ሲሞቅ እኮ ነፍስ ይዘራል።»

ይህን የማያውቅ ሰው ሰበታ ውስጥ የለም። ድንጋዩ ሲደክም ከሬዲዮው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ያራምዳል። ያን ቀን ግን ሰማዩ ደመና ነበር። አያንቱም ድንጋዮቹን ለማውጣት ሰነፈች። ሬዲዮውን እንዳለ አንሥታ ምድጃው ጠርዝ ላይ፣ ረመጡ አጠገብ አስቀመጠችው። ወሬ ያዙ። ትዝ ሲላቸው ከሬዲዮው ጀርባ ጥቁር ፈሳሽ እየወረደ ነበር።

በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው። መልሳም መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ሬዲዮው ከወንዳፍራሽ ቤት ተጠግኖ ከመጣ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር።

ማታ አባቷ ለዜና ከፈቱት። ዝም አለ። ጀርባውን በቢላዋ ፈልቅቀው ሲያዩ ሽቦው ተበልቶ፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት መስሏል።

«ምን ነካው?» አሏት።

እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ከሱቅ ሲመጣም ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፣ አባ።»

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እዚያው ይቀር ነበር። በማግስቱ ተረፈች ልትጠራት መጥታ ኦቦ ኩምሳን ደጅ ላይ በሬዲዮው ሲማረሩ አገኘቻቸው። ጓደኛዋን ማዳኗ ነው፤ «የእኛ ጎረቤትም እንዲሁ ሆኖባቸዋል፣ ኦቦ። አዲሱን ሆድ ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ይከትበታል አሉ» አለቻቸው። ጎረቤት የተባለው ሰው ሬዲዮ እንኳ አልነበረውም።

ኦቦ ኩምሳ ሬዲዮውን በአንድ እጃቸው፣ አያንቱን በሌላው ይዘው ሱቁ ሄዱ። አቶ ወንዳፍራሽ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ውስጡን አየ። በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተ።

«ይሄ የድንጋይ ፈሳሽ ነው፣ ኦቦ። እሳት ነክቶታል።» ቀና ብሎ አያንቱን አያት። እሷ መሬት መሬቱን አየች። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሁን ግድ የለም፣ እሠራዋለሁ። ቤት ግን ይጠይቁ።»

«ቤት ማንን? ልጄን ነው የምትለው? ልጄን ውሸታም ልታደርጋት ነው?»

«እንደሱ አልወጣኝም።»

ያኔ ነው ኦቦ ኩምሳ ወደ ጎዳናው ዞረው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት! ይሄ የእኔ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ አይደለም!» ያሉት።

እሳቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የድንበር ነገር የሚዳኙ ሽማግሌ ናቸው። በንጉሥ ስም ከማሉ በኋላ ነገሩ አለቀ። ሬዲዮው የሚንኮሻኮሽበት ሁሉ ተዘረፍኩ አለ። ሦስት ወር አልቆየም፤ ወንዳፍራሽ ሰሌዳውን ነቀለ።

ቀጥሎ የመጣውን ሰበታ አልጠበቀችውም። ከድሩ ከአዲስ አበባ ድንጋይ ማምጣት ጀመረ፤ ግን መጋዘን ውስጥ ስንት ወር ከርሞ የመጣ ይሁን ማን ያውቃል፣ በሁለተኛው ቀን ይሞታል። ወንዳፍራሽ ማንበብ ለማይችል ደንበኛ የጣቢያው ቁጥር ላይ ቀይ ነጥብ ይቀባ ነበር፤ ነጥቡ የለቀቀበት ሰው አሁን ሲያሽከረክር ውሎ ፉጨት ብቻ ይሰማል። ኦቦ ኢቲቻ ሬዲዮአቸው እንደገና ሲበላሽ መርካቶ ድረስ ወሰዱት። ሲመለስ በእጃቸው መዘኑት።

«ቀሎኛል» አሉ። «ጆሮዬ ባይሰማም እጄ ያውቃል። ከሆዱ ግማሹን በልተውታል።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ወንዳፍራሽ ምን ይል ነበር? በእናንተ ቋንቋ ድንጋዩም ደጋ፣ ስማ ማለትም ደገኢ፤ ያለ ድንጋይ አትሰሙም ማለት ነው ይለኝ ነበር። የእኛን ቋንቋ እኮ እዚያች ባንኮኒ ላይ ነው የለመደው» አሉ።

በየቤቱ ሬዲዮው ድምፁ ጠፍቶ፣ የዳንቴል ልብስ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

እትዬ አረጋሽ ቤትም እንዲሁ ነበር። እትዬ አረጋሽ በባላቸው ሥራ ከጎጃም መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ እዚሁ የቀሩ የአያንቱ ጎረቤት ናቸው። ከአገራቸው የቀራቸው አንድ ወንድም ነው። ደብዳቤ የሚጽፍላቸው የለም። የሞት ማስታወቂያ ሲነበብ ግን ፈትላቸውን አስቀምጠው ወደ ሬዲዮው ይጠጉ ነበር። «የእኔ ፖስታ እሱ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ማለዳ አያንቱ በጩኸት ነቃች። ከጎጃም የመጣ ዘመድ መርዶ ይዞ ገብቷል። ወንድምየው ካረፉ አርባቸው አልፏል።

«በሬዲዮ አስነግረን ነበር» ይላል ሰውዬው ግራ ገብቶት። «ሁለት ቀን ተነበበ። ትመጣለች ብለን ጠበቅን። አርባውንም ያለ እሷ አወጣን። እኛማ ተቀይመን ነበር።»

እትዬ አረጋሽ ሬዲዮውን ከነዳንቴሉ አንሥተው ደጅ ወረወሩት። ደረታቸውን ሲመቱ የሚይዛቸው ጠፋ።

ድንኳን ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አያንቱና ተረፈች ንፍሮ ያዞሩ ነበር። ድንኳኑ ጥግ ላይ አያንቱ ቆም አለች።

«ልናገር ነው» አለች።

ተረፈች ሰሐኑን ልትጥለው ምንም አልቀራትም። «አብደሻል? ለማን?»

«ለአባቴ።»

«አቦ ተይ! ሰውዬው እንደሆነ ሄዷል። ብትናገሪ ሟች ይነሣል? እኔንስ ልታስገድይኝ ነው?»

አያንቱ የንፍሮ ሰሐኗን አስቀመጠች። አባቷን በዓይኗ ጠርታ ከቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ወሰደቻቸው። ረመጡን፣ ፈሳሹን፣ እርጥቡን ጨርቅ ሁሉ ተናገረች። በጥፊ ይመቱኛል ብላ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ጥፊ አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ የባሕር ዛፉን ቅርፊት በጥፍራቸው እየላጡ ነው።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም። ተረፈች ብቻ ታውቃለች።»

«ጥሩ።» ቅርፊቱን ጣሉት። «እንግዲያው ለእኔም አልነገርሽኝም።»

«አባ...»

«በንጉሥ ስም ምያለሁ፣ አያንቱ። ሰው ሁሉ እየሰማኝ። ነገ የገርባን ልጆች በመሬት ላስታርቅ ተጠርቻለሁ። ማን ይሰማኛል? ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?» ትከሻዋን ያዙ። «ጨል ጄዲ፣ ኢንተለ ኮ። ዝም በይ፣ ልጄ። እባክሽ።»

በአሥራ አምስት ዓመቷ አባቷ እባክሽ ሲሏት ይህ የመጀመሪያው ነው። ቢመቷት ይሻላት ነበር።

ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ እሳቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ወንበር፣ እሷ ወደ ሴቶቹ ሄደች። የንፍሮ ሰሐኑን አነሣች። እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

እትዬ አረጋሽ ድምፃቸው ተዘግቷል፤ ከሦስት ቀን ለቅሶ የተረፈው ሹክሹክታ ነው። ቢሆንም ድንኳኑ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማቸው።

«የሌላ የማንም እጅ የለበትም። ያ ወንዳፍራሽ ነው። እሱ ሌባ ባይሆን ሱቁ አይዘጋም ነበር፤ ሬዲዮዬም አይሞትም ነበር፤ ወንድሜን እቀብር ነበር።» ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «የወንድሜን ሞት የደበቀኝን ሰው ጆሮውን ይድፈነው! የእናቱን ሞት ሳይሰማ ይቅር!»

«አሜን» አሉ ሴቶቹ።

ከወንዶቹም በኩል አሜን ተባለ። አያንቱ ቀና ብላ አየች። የአባቷ ከንፈርም ተንቀሳቅሷል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ አባቷ ራሳቸውን በጣም በትንሹ ነቀነቁላት። ተይ ማለታቸው ነው።

ተረፈች ከኋላዋ ቀሚሷን ያዘች። አያንቱ ሰሐኑን አቀበለቻትና ቀሚሷን ከእጇ ቀስ አድርጋ አላቀቀች።

ሰዎች እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት። እትዬ አረጋሽ ፊት ስትደርስ መሬት ላይ ተንበረከከች፤ የተዘረጉትን እጆች ይዛ ወደ ታች አወረደቻቸው።

«እሱን አይርገሙ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማንን ልርገም፣ ልጄ?»

ከወንዶቹ በኩል አንድ ወንበር ተንቋቋ፤ ሰው የተነሣ ይመስላል። አያንቱ ዞራ አላየችም።

«ከመጀመሪያው ልንገርዎት» አለች፤ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።